ቴክኖሎጂ የሚሄደው በሰው እግር ነው

(በአንድ የባለሙያዎችና የተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳል? እስቲ እጅ አውጡልኝ። ጥሩ።

የተከበራችሁ የጉባኤው አዘጋጆች፣ መምህራን፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ተማሪዎችም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፊት ላይ ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ጥያቄ አልጠይቅም፣ አትፍሩ።

የተሰጠኝ ርዕስ ትልቅ ነው። የመንግሥት ፖሊሲ፣ ትምህርትና ኢሚግሬሽን የአንድን አገር የቴክኖሎጂ ተወዳዳሪነት እንዴት ይወስናሉ? እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ቀን ይፈጃሉ። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ክር ይዤ ልሂድ። ክሩ ይህ ነው፦ ቴክኖሎጂ የሚሄደው በሰው እግር ነው።

ልድገመው። ቴክኖሎጂ የሚሄደው በሰው እግር ነው። ማሽን በመርከብ ይጫናል። ሰነድ በኢሜይል ይላካል። ማሽኑ እምቢ ሲል የቱን ብሎን መንካት እንዳለበት፣ ሰነዱ ላይ ማንም ያልጻፈው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሰው ነው። ያ ሰው ቦታ ሲለውጥ ቴክኖሎጂውም አብሮት ይሄዳል።

ከድሮው ልጀምር። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ። በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንት ዜጎቹ የአምልኮ መብት ይሰጥ የነበረውን የናንት አዋጅ ሻረ። መሻሩ ብቻ አይደለም፤ ከአገር እንዳይወጡም ከለከላቸው። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ በንጉሡ መርከቦች ላይ ቀዛፊ ሆኖ ይቀጣ ነበር። ግን ማን ያቆመዋል? ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው በየድንበሩ ሾልኮ ወጣ። ከነሱ ውስጥ ሐር ሸማኔው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ወረቀት ሠሪው ብዙ ነበር። የሐሩ ሙያ ለንደን ገባ፤ የሰዓቱ ሙያ ጄኔቫ። የጀርመኗ ብራንደንቡርግ ገዥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ደግሞ ወሬው እንደደረሰው በሳምንታት ውስጥ የራሱን አዋጅ ፖትስዳም ላይ አወጣ። ኑ አላቸው። ግብር ለጊዜው አትከፍሉም፣ በራሳችሁ ቋንቋ ትጸልያላችሁ፣ ሥራችሁን እናግዛለን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ንጉሡ ያወጣው የሃይማኖት አዋጅ ነበር። ስለ ኢንዱስትሪ አንድ ቃል የለበትም። ውጤቱ ግን የኢንዱስትሪ ሆነ። ይህችን ያዙልኝ። የአገርን ቴክኖሎጂ የሚገነባውም የሚያፈርሰውም ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ስሙ የቴክኖሎጂ ፖሊሲ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ትምህርት።

ወጣት አስተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ነበረችኝ። ስለ ትራንዚስተር ጠይቋት፤ ሳትተነፍስ ትነግራችኋለች። ትርጉሙን፣ ቀመሩን፣ ሦስቱን እግሮች በየስማቸው። አንድ ቀን የዕቃ ሳጥን ይዤ ገባሁና «እስቲ ከዚህ ውስጥ አንድ ትራንዚስተር አቀብይኝ» አልኳት። ሳጥኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ በሁለት ጣቷ አንድ ነገር አነሳችና ሰጠችኝ። ካፓሲተር ነበር፤ ጭራሽ ሌላ ዕቃ።

እንዳትስቁባት። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ያ ሳጥን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቆልፎ ነው የኖረው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደውም ጨዋታ አዋቂ ነው። ግን አንድ ዕቃ ቢቃጠል ከደመወዙ ይቆረጣል። ዕቃው ለዓመታት ሳይነካ ቢቀመጥ ግን የሚጠይቀው የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትቆልፋላችሁ! እኔም እቆልፋለሁ።

ፖሊሲ ሲባል ፓርላማ ብቻ ይታየናል፤ ሚኒስትር፣ ሪባን፣ ካሜራ። ያ ቁልፍም ፖሊሲ ነው። ለተቃጠለ ዕቃ የሚቀጣ፣ ለባከነ ጭንቅላት ግን የማይጠይቅ ደንብ በየትኛውም አገር ቢሆን የሚያመርተው ያንን ዓይነት ተማሪ ነው። ተማሪዋ በኋላ ምን ሆነች ካላችሁ፣ የተበላሹ ሬዲዮኖች እየለመንን ሰብስበን መፍታት ስንጀምር ሁላችንንም ቀደመችን። ጭንቅላቱ ድሮም ነበራት።

ትምህርት ላይ ጥሩ ምሳሌ የትኛው ነው? ብዙ ሰው ስፑትኒክን ያነሳል። እውነት አለው። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ሳተላይት አመጠቀች፤ አሜሪካ ደነገጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ጩኸቱ የት እንደሄደ እዩ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 1958፣ የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ ወጣ። ለኮሌጅ ተማሪ ብድር፣ ለሂሳብና ለሳይንስ ትምህርት ገንዘብ፣ ለዶክትሬት ተማሪ ድጎማ። የመከላከያ ሕግ ብለው ሰይመው ትምህርት ቤት ላይ አፈሰሱት። ብልጠት ነው።

እኔ ግን ከስፑትኒክ ይልቅ የአንድ ሰው ታሪክ ይበልጥብኛል። አንዲ ግሮቭ። በ1936 ቡዳፔስት የተወለደ ሃንጋሪያዊ አይሁድ ነው። ናዚን ተርፏል። በልጅነቱ በያዘው በሽታ ጆሮው ተጎድቷል። በ1956 የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ ድንበር ተሻግሮ ሸሸ። በ1957 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ደረሰ። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል።

ይህ ልጅ የት ይማራል? ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቲ ኮሌጅ የሚባል አለ። የከተማው ነው። ያን ጊዜ ክፍያ አያስከፍልም ነበር። ግሮቭ ገባ። በ1960 በኬሚካል ምህንድስና ተመረቀ። በ1963 በርክሌይ ላይ ዶክትሬቱን ያዘ። በርክሌይም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1968 የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ሆነ፤ በኋላ መራው፣ የዓለም ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በኢንቴል ቺፕ የሚሠሩበትን ዘመን አየ።

እስቲ ቁጠሩልኝ። በር ተከፈተለት፤ ያ ኢሚግሬሽን ነው። ነጻ ኮሌጅ ገባ፤ ያ ትምህርት ነው። ኮሌጁን ነጻ ያደረገው ማን ነው? ያ ደግሞ ፖሊሲ ነው። ከሦስቱ አንዱን አውጡ። በሩን ከፍታችሁ ኮሌጁን በገንዘብ ብታደርጉት ምናልባት ጥሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ ይሆን ነበር። ኮሌጁን ነጻ አድርጋችሁ በሩን ብትዘጉት ስሙንም አንሰማውም። ሦስቱን ለየብቻ የምናወራቸው ለሴሚናር እንዲመቸን ነው። በሰው ሕይወት ውስጥ ግን አንድ ናቸው።

ተቃራኒውንም ልንገራችሁ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር በሳይንስ ጀርመንን የሚያህል አልነበረም። ፊዚክስ ለመማር የፈለገ አሜሪካዊ ጀርመንኛ ያጠና ነበር። በኤፕሪል 1933 የሂትለር መንግሥት ስለ ሲቪል ሰርቪስ አንድ ሕግ አወጣ። አሁንም ልብ በሉ፤ ስለ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ነውና አይሁድ የሆኑ መምህራን ተባረሩ። በታወቀው የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የሂሳብ ሊቃውንቱ ማክስ ቦርን፣ ኤሚ ኖተር፣ ሪቻርድ ኩራንት ቦታቸውን አጡ፤ ጄምስ ፍራንክ ራሱ በተቃውሞ ለቀቀ። ከዚያ የናዚው የትምህርት ሚኒስትር ሽማግሌውን የሂሳብ ሊቅ ሂልበርትን በግብዣ ላይ አግኝቶት፣ «ጎቲንገን ከአይሁድ ከጸዳ ወዲህ ሂሳብ እንዴት ነው?» አለው ይባላል። ሂልበርትም «ሂሳብ? እዚያ ምንም ሂሳብ የለም» አለው። ከመቶ ዓመት በላይ የተገነባ ነገር በወራት ውስጥ ፈረሰ። ሰዎቹ የት ሄዱ? ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የመንግሥት እጅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከር እፈልጋለሁ።

ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ መንግሥት ከቴክኖሎጂ እጁን ያውጣ ይላል። ሌላው መንግሥት ሁሉን ያቅድ ይላል። ሁለቱም ታሪኩን በግማሽ ነው ያነበቡት።

እጁን ያውጣ ለሚለው፦ ኢንተርኔትን ማን ከፈለለት? አርፓ የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ነው፤ እሱም ከስፑትኒክ ድንጋጤ በኋላ በ1958 የተቋቋመ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ካለ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአርፓ የኮምፒውተር መረብ የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊጽፉ የፈለጉት «ሎግኢን» ነበር። ሁለት ፊደል እንደደረሰ ማሽኑ ተበላሸ! እንግዲህ ባለሀብት ብትሆኑ ለዚህ ገንዘብ ታወጣላችሁ? ደንበኛ የለው፣ ትርፍ የለው፣ ሁለት ፊደል ጽፎ የሚሞት ነገር። ማንም አያወጣም። መልሱ ገና ላልታወቀ ጥያቄ ለብዙ ዓመት መክፈል የሚችለው መንግሥት ነው።

ሁሉን ያቅድ ለሚለው ደግሞ ጃፓንን ልጥራ። በ1982 የጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር «አምስተኛው ትውልድ» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮጀክት ጀመረ። ሰው የሚያስብ የሚመስል ማሽን፣ በአሥር ዓመት ውስጥ። ዓለም ተንቀጠቀጠ፤ አሜሪካም እንግሊዝም የራሳቸውን አጸፋ ፕሮጀክት ጀመሩ። ገንዘቡ ነበር፣ ጎበዝ መሐንዲስ ነበር፣ ዲሲፕሊን ነበር። ግን መንገዱን አስቀድሞ አንድ ኮሚቴ መርጦታል። ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠሩት ልዩ ማሽኖች ሳያልቁ፣ በገበያ ላይ የሚሸጡት ተራ ኮምፒውተሮች በፍጥነት አለፏቸው። ሶቪየቶች ደግሞ ከዚህ የባሰውን አደረጉ። የራሳቸው ጥሩ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ መሐንዲሳቸው ሌቤዴቭ የሠራው ቤስም-6 ቀላል ማሽን አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ከላይ ትእዛዝ መጣ፦ የአሜሪካውን ኩባንያ የአይቢኤምን 360 ኮምፒውተር ቅዱ። ቀጂ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። አይቢኤም አንድ ሲራመድ እነሱ የትናንቱን ኮቴ ይለካሉ። የራሳቸውን የሚያስቡት መሐንዲሶች ደግሞ የሰው ሥራ ሲፈቱ ዕድሜያቸው አለቀ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ማንም የማያወራለት ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1872 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ። አንድ ሠራተኛ ከአሠሪው ለቅቆ ለተወዳዳሪ እንዳይሠራ የሚያስር ውል እዚያ አይጸናም። ያኔ ትራንዚስተር የለ፣ ቺፕ የለ። በ1957 ግን ስምንት ወጣት መሐንዲሶች በአለቃቸው በዊልያም ሾክሌ ተማረሩ። ሾክሌ ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ በዚያው ሥራ የኖቤል ተሸላሚ። ግን አለቃነት አልሆነለትም። ሠራተኞቹን በውሸት መመርመሪያ ማሽን ሊያስመረምር የፈለገ ሰው ነው። ስምንቱ አንድ ላይ ወጥተው ፌርቻይልድ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ከመካከላቸው ዣን ሆርኒ ከስዊዘርላንድ የመጣ ነው፣ ዩጂን ክላይነር ከቪየና። ሆርኒ ቺፕ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ በ1959 አመጣ። ከስምንቱ ሁለቱ፣ ኖይስና ሙር፣ በ1968 ደግሞ ወጥተው ኢንቴልን መሠረቱ።

እስቲ አስቡት። እነዚያን ስምንት ሰዎች ውል አስሯቸው ቢሆን ኖሮስ? ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ቴክኖሎጂ አንዳች አላሰቡም። ሠራተኛው እንዲንቀሳቀስ ብቻ ፈቀዱ።

ታይዋንን ደግሞ ተመልከቱ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ይገባታል። በ1973 መንግሥት ኢትሪ የሚባል የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም አቋቋመ። በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ጋር የቴክኖሎጂ ስምምነት ተፈራረሙና ወጣት መሐንዲሶችን ወደዚያ ላኩ። ሰነድ ገዝተው መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡም። ሰው ላኩ። ሰዎቹ ከፈረንጆቹ ጋር ቆመው ሠሩ፣ እጃቸው ለመደ፣ ተመለሱ።

ከዚያ በ1985 ሞሪስ ቻንግን ጠሩት። ቻንግ ቻይና ተወልዶ፣ ወጣት ሆኖ አሜሪካ የገባ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዶክትሬት መግቢያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ተማሪዎች፣ ሰማችሁ? ሁለት ጊዜ! ከዚያ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል ኩባንያ ውስጥ 25 ዓመት ሠራ። 54 ዓመቱ ላይ፣ ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ፣ ታይዋን ኢትሪን እንዲመራ ጋበዘችው። በ1987 ቲኤስኤምሲ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የራሳችንን ቺፕ አንነድፍም፣ የሌላውን እናመርታለን። ኢንቴልን ገንዘብ አስገባ ብሎ ጠየቀ፤ አልፈለገም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም አልፈለገም። ግማሽ የሚጠጋውን መንግሥት አወጣ፣ የሆላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስ ሩብ ያህሉን። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከረቀቁት ቺፖች አብዛኞቹ ከዚያ ይወጣሉ።

ታዲያ ይህ የመንግሥት ዕቅድ አይደለም ወይ ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ጃፓኖቹ ማሽኑን መረጡ። ታይዋኖች ሰውየውን መርጠው፣ ገንዘብ ሰጥተው፣ ዓለም ገበያ ላይ ተወዳደር ብለው ለቀቁት።

መንግሥት ገንዘብ ስለሰጠ ብቻም አይሆንም፤ ገንዘቡን ማን ያድላል የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። ተመራማሪዋን ካታሊን ካሪኮን አንሱ። በ1985 ከሃንጋሪ ስትወጣ ገንዘብ ይዞ መውጣት ክልክል ስለነበር 900 ፓውንድ በልጇ አሻንጉሊት ድብ ሆድ ውስጥ ሰፍታ ነው የወጣችው። አሜሪካ ገባች፤ በሩ ተከፍቶላታል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠራች። ግን የምርምር ገንዘብ በጠየቀች ቁጥር አይሆንም ትባላለች። የምታጠናው ኤምአርኤንኤን ነው፤ ለሴል ፕሮቲን ሥራ ብሎ ትእዛዝ የሚያደርሰውን ሞለኪውል። እሱ ደግሞ ማንን ይጠቅማል? በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ አደረጓት። በኮቪድ ጊዜ የኤምአርኤንኤ ክትባቶቹ የተመሠረቱት በዚያው ሥራ ላይ ነው፤ በ2023 ከድሩ ዋይስማን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደች። እኔ ይህን ታሪክ እንደ ጽናት ታሪክ አልወደውም። ተስፋ ቆርጠው ስለሄዱት ነው የማስበው። የነሱን ስም አናውቀውም።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሦስተኛው ነጥብ፣ በር። ቪዛ ማለቴ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ለሥራ አሜሪካ ሳለሁ አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን፤ እኔና እሱ ጠረጴዛችን አጠገብ ለአጠገብ ነው። ማስተርሱን እዚያው ሠርቷል። ያስተማረው ገንዘብ ደግሞ የአገሪቱ የምርምር በጀት ነው፤ የፕሮፌሰሩ ረዳት ሆኖ ነው የተማረው። የቡድናችን ከባዱ ኮድ የሱ ነበር። ማርች ሲመጣ ሥራ አይሠራም። ለሠለጠኑ የውጭ ሠራተኞች የሚሰጠው የሥራ ቪዛ፣ የኤች-1ቢ፣ ሎተሪ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ሎተሪ ስል ማጋነን አይደለም፤ ኮምፒውተር በዕጣ ይመርጣል። ስልኩን በፊቱ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ዝም እንላለን። አያነሳውም። ቡና ሊያመጣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አሁንም አያነሳውም።

ዕጣው አልወጣለትም። የተማሪ ፈቃዱም አለቀ። ኩባንያው ሊያጣው ስላልፈለገ ድንበር አሻግሮ ጎረቤት አገር ቢሮ ከፈተለት። መጀመሪያ አንድ ወንበር ነበር። ከዚያ እሱን የሚያግዝ ሌላ ሰው ተቀጠረ፣ እዚያው። ከዚያ ሌላ። ውሎ አድሮ ቡድኑ እዚያ ሆነ፣ እኛ ርቀን የምንደውል ሆንን። ይህን የወሰነ ሚኒስትር የለም። ዕጣ ነው የወሰነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስረዳ። ኤች-1ቢ በ1990 ሕግ ነው የመጣው፤ ጣሪያው በዓመት 65 ሺህ። ከ2001 እስከ 2003 ድረስ 195 ሺህ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወደ 65 ሺህ ተመለሰ። እዚያው አገር ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20 ሺህ ተጨመረ። የቋሚ መኖሪያው ደግሞ ይብሳል። በሥራ ምክንያት የሚሰጠው በዓመት ወደ 140 ሺህ ነው፤ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች ከ7 በመቶ በላይ አይወስዱም። ሕንድና አይስላንድ እኩል ኮታ አላቸው ማለት ነው! ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሕንድና አይስላንድ። ለዚህ ነው የሕንድ መሐንዲስ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ወረፋ የሚጠብቀው።

ሳትያ ናዴላን ታውቁታላችሁ፣ የማይክሮሶፍት ኃላፊ። በ1990ዎቹ ወጣት መሐንዲስ ሳለ ግሪን ካርድ ነበረው። ሚስቱ ሕንድ ናት፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት መምጣት አትችልም፣ ረጅም ወረፋ ትጠብቃለች። የኤች-1ቢ ባለቤት ሚስት ግን ወዲያው ትመጣለች። ምን አደረገ? ኤምባሲ ሄዶ ግሪን ካርዱን መለሰ፤ ኤች-1ቢ ስጡኝ አለ። ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚመኘውን ወረቀት መልሶ ዝቅተኛውን መለመን! ብዙ ሰው እንዲህ አይጨነቅም። ሻንጣውን ይዞ ሌላ አገር ይሄዳል።

ሌላው አገር ደግሞ እያየ ነው። በጁላይ 2023 ካናዳ በአሜሪካ ኤች-1ቢ ለያዙ 10 ሺህ ሰዎች የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ ከፈተች። በሁለት ቀን ውስጥ ሞላ። ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ያደረገውን ነው ያደረገችው፤ ልዩነቱ በድረ ገጽ መሆኑ ነው። በ2025 ደግሞ አሜሪካ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች-1ቢ አመልካች 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ጣለች። ለትልቅ ኩባንያ ከባድ ነው፤ አምስት ሰው ላለው ጀማሪ ኩባንያ ግን ተዘጋ ማለት ነው።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። የውጭ ሰው ሥራችንን ወሰደ የሚለው ሁሉ ዘረኛ አይደለም። ይህን ቪዛ ርካሽ ጉልበት ለማስገባት የተጠቀሙ አሠሪዎች ነበሩ። የሚተካውን ሰው እንዲያሠለጥን ተገድዶ ከዚያ የተባረረ ሠራተኛ ቅሬታው እውነት ነው። ግን መነሻውን እዩ። ቪዛው ሠራተኛውን ከአሠሪው ጋር ያስረዋል። መልቀቅ የሚፈራ ሰው ደመወዝ አይከራከርም። እሱ ካልተከራከረ ደግሞ ጎኑ ያለው የአገሩ ልጅም መከራከሪያ ያጣል። ያ የ1872 ሕግ ለስምንቱ መሐንዲሶች የፈቀደውን ቪዛው ያከብደዋል ማለት ነው። ሰውየውን ፍቱት፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

በር መዝጋት ምን ያህል ያስከፍላል? ሁልጊዜ በገንዘብ አይደለም። ቺየን ሽዌሰን በ1935 ከቻይና በስኮላርሺፕ አሜሪካ ገባ። ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከበረራ ሳይንስ ሊቁ ከቴዎዶር ፎን ካርማን ጋር ሠራ፤ ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልከው ጄፒኤል ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። በ1950 ኮሚኒስት ነህ ተባለ። የምስጢር ፈቃዱ ተነጠቀ፤ ለአምስት ዓመት ቤቱ እየተጠበቀ፣ እየተከተሉት ኖረ። በ1955 ወደ ቻይና ሄደ። እዚያ ምን ሠራ? የቻይናን የሚሳይልና የጠፈር ፕሮግራም አቆመ። በ1970 ቻይና የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ባለሥልጣን የነበረው ዳን ኪምቦል አገሩ ከሠራችው ጅልነት ሁሉ ይህ ይበልጣል ማለቱ ይነገራል።

የመጨረሻው ምሳሌ ትኩስ ነው። በ2022 አሜሪካ የቺፕስ ሕግን አወጣች፤ ቺፕ አገር ውስጥ እንዲመረት ወደ 52 ቢሊዮን ዶላር መደበች። ቲኤስኤምሲም ከዚያ በፊት ጀምሮ አሪዞና በረሃ ላይ ፋብሪካ እየሠራ ነበር። ገንዘብ አለ፣ መሬት አለ፣ ማሽኑ ተጭኖ መጥቷል። በ2023 ግን ምርቱ ከ2024 ወደ 2025 ተራዘመ ተባለ። ምን ጎደለ? እነዚያን ማሽኖች መግጠም የሚችል የሠለጠነ እጅ። ከታይዋን ባለሙያ እናምጣ ሲሉ ደግሞ የአካባቢው የሠራተኛ ማኅበር ተቆጣ። አያችሁ? ፖሊሲው ሮጠ፤ ትምህርቱ አልደረሰም፤ በሩ ላይ ክርክር ተነሳ።

ከናንተ መካከል አንድ ጥያቄ እየፈላ ያለ እንዳለ ይታየኛል። በር ስለሚከፍተው አገር ብዙ አወራህ፤ ልጆቹን ስለሚያጣው አገርስ? ትክክል ነው። ሰው እንዳይወጣ መከልከል ሉዊ 14ኛን አልጠቀመም፤ ማንንም አይጠቅምም። የጠቀመው መመለሻ ቦታ መሥራት ነው። ደቡብ ኮርያ በ1966 ኪስት የሚባል የምርምር ተቋም አቋቋመች። ያን ጊዜ ድሃ አገር ናት። የመጀመሪያው ኃላፊ ቾይ ሂዩንግሰፕ ውጭ ያሉ ኮርያውያን ሳይንቲስቶችን ፈልጎ አሳምኖ አመጣ። በአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። መኖሪያ ቤት ሰጧቸው፣ የአገሩ ፕሮፌሰር ከሚያገኘው እጅግ የሚበልጥ ደመወዝ ሰጧቸው፣ ቤተ ሙከራ ሠሩላቸው፣ ቢሮክራሲው እንዳይነካቸው በሕግ ከለሉላቸው። ፕሮፌሰሮቹ አጉረመረሙ። ማጉረምረማቸው ይገባኛል፤ መንግሥቱም ግን ወደኋላ አላለም።

ታይዋን ደግሞ በ1980 የሲንቹን የሳይንስ ፓርክ ከፈተች። ከሲሊኮን ቫሊ የሚመለስ መሐንዲስ ምን ያስጨንቀዋል ብለው ጠየቁ። ደመወዝ? ቤት? እሱስ ይሁን። ትልቁ ጭንቀት ልጆቹ ነበሩ። አሜሪካ ተወልደው ቻይንኛ የማይጽፉ ልጆች የት ይማራሉ? ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ። የቺፕ ፖሊሲ ብላችሁ ብትፈልጉ ይህን ትምህርት ቤት አታገኙትም። ብዙ መሐንዲስ ግን ሚስቱን ያሳመነው በሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

አወያያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፣ ይቅርታ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ከነዚያ ግድግዳ ጥግ ከቆማችሁት እንጀምር።